ሹሩባና የመቀነስ ምልክት

ጮሌ በሚባል ቦታ እናት ልጇን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ሹሩባ ስትሠራ ጣቷ ሕግ አለው፤ የግራው ዘለላ በመካከለኛው ላይ፣ ቀጥሎ የቀኙ በመካከለኛው ላይ፣ ደግሞ የግራው። ማን ከላይ ማለፍ እንዳለበት ከተዘነጋ ጉንጉኑ ይበላሻል።

የኳንተም አልጀብራ ባለሙያም የሚውለው ከዚሁ ጉዳይ ጋር ነው። በተለመደው የውክልና ንድፈ ሐሳብ ሁለት ነገሮች ቦታ ሲለዋወጡ ማን ከላይ፣ ማን ከታች እንዳለፈ አይመዘገብም። በሶቪየት ኅብረት ቭላዲሚር ድሪንፌልድ፣ በጃፓን ሚቺዮ ጂምቦ እ.ኤ.አ. በ1985 በየፊናቸው የደረሱበት አልጀብራ ግን ይህን የሚያስታውስ «ኪው» የተባለ ቁጥር አለው። ኪው 1 ሲሆን ትዝታው ይጠፋል፣ የድሮው አልጀብራ ይመለሳል።

ሱፐርአልጀብራ ሲመጣ ሥራው ይከብዳል። ቪክቶር ካክ እ.ኤ.አ. በ1977 በየወገናቸው በመደባቸው በእነዚህ አልጀብራዎች ውስጥ እያንዳንዱ አባል ተጋማሽ ወይም ጎዶሎ የሚባል ክፍል አለው፤ ሁለት ጎዶሎዎች ሲተላለፉ የመቀነስ ምልክት ይወለዳል። ከሁሉ ትንሹ የኳንተም ሱፐርአልጀብራ ሀ እና ለ የሚባሉ ሁለት ጎዶሎዎች አሉት እንበል። ሀ በራሱ ሲባዛ ዜሮ ነው፤ ለም እንዲሁ። በተለመደው አልጀብራ ከሀለ ላይ ለሀ ይቀነስ ነበር፤ እዚህ ግን ይደመራሉ፣ ድምሩም ኪውን ይዞ ይወጣል። ያለው ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ግን ስሌቱ ገጽ ሙሉ ሲሆን አንዲት የጠፋች ምልክት ሁሉን ታፈርሳለች። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ቁጥሩን ትቶ ለምልክቱ ብቻ ሲል ወረቀቱን እንደገና ያነበዋል። የሙያው ትዕግሥት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አሰልቺ ቢመስልም የሚያኮራ ሥራ ነው።

ፍሬውም ያስደንቃል። ጄምስ አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1928 ቋጠሮዎችን ለመለየት ያወጣውን ፖሊኖሚያል ሉዊ ካውፍማንና ሁበርት ሳለር እ.ኤ.አ. በ1991 ከዚሁ ትንሽ አልጀብራ አገኙት።

አንባቢ ሆይ፣ ሦስት ክር ወስደህ እንደ ሹሩባ ጎንጉን። አራት ጊዜ ካሻገርክ በኋላ የላይኛውን ጫፍ በየተራው ከታችኛው ጋር ብታስር አንድ የማይፈታ ቋጠሮ ይወጣል። ስድስት ጊዜ ብታሻግር ግን ሦስት የተያያዙ ቀለበቶች ታገኛለህ፤ አንዱን ብትቆርጠው የቀሩት ሁለቱ ይለያያሉ።