የእንፋሎት ባቡር በቤት ኮምፒውተር፦ መልካሙን ከመናኛው ስለ መለየት

በቤት ኮምፒውተር የእንፋሎት ባቡር የሚያስነዳ ጨዋታ ሲቀርብለት መልካሙን ከመናኛው ለይቶ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን ከሥዕሉ መልሶ የቦይለሩን ውኃ ልክ ወደሚያሳየው መስታወት ሊያዞር ይገባዋል፤ የሎኮሞቲቭ ሕይወቱ በእሳትና በውኃ መካከል የቆመ ኪዳን ነውና፣ ይህን ኪዳን ያላወቀ ጨዋታ ዛፉንና ቤቱን፣ ሰማዩንና ደመናውን ምንም አሳምሮ ቢሥል፣ የባቡር መልክ የለበሰ ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ ፍርድ አብነት የሚሆነኝ እ.ኤ.አ. በ1985 ሂውሰን ኮንሰልታንትስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ያወጣው፣ ማይክ ሜልና ቦብ ሂልየር የደረሱት «ሳዘርን ቤል» ነው። ጨዋታው ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ አስነሥቶ በደቡብ ባሕር ዳር እስካለችው ብራይተን ድረስ 82 ኪሎ ሜትር ያህል ያስጕዛል፤ ስሙንም የወረሰው እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በዚሁ መሥመር ይመላለስ ከነበረው፣ መንገደኞቹ በፑልማን ሠረገላ ተንደላቀው ይጓዙበት ከነበረው፣ መንገዱንም በ60 ደቂቃ እንዲፈጽም ከታዘዘው ዝነኛ ባቡር ነው።

ይህን የሚያህል ጕዞ የተሸከመው ዜድ ኤክስ ስፔክትረም፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ፣ ፕሮግራሙን ከካሴት የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ የማስታወሻው መጠን 48 ኪሎባይት ብቻ ነበረ፤ ከዚያም ውስጥ 7 የሚጠጋው በስክሪኑ ላይ ለሚታየው የ256 በ192 ነጥብ ሥዕል የተያዘ ነው። ስለዚህ ድልድዩም ሆነ ኮረብታው፣ ጣቢያውም ሆነ ዋሻው፣ ሥጋ ባልለበሰ ቀጭን መሥመር ተቀርጾ ወደ ተመልካቹ ይመጣል። እኔ ይህን ድህነት እንደ ነውር አልቈጥረውም፤ ለዛፍ ቅጠል የሚወጣው ባይት ሁሉ ከምድጃው ተቀንሶ የሚወጣ ነበርና፣ ደራስያኑ ከቅጠሉ ይልቅ እሳቱን መምረጣቸው የማስተዋላቸው ምስክር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር እንግባ። እንፋሎት በሲሊንደሮቹ ውስጥ ፒስተኑን ገፍቶ ግብሩን ከፈጸመ በኋላ በጭስ መውጫው እየተወረወረ ሲወጣ፣ በምድጃው ውስጥ ያለውን የጋለ አየር ከኋላው እየሳበ፣ አዲስ አየርም በእሳቱ ሥር እንዲገባ እያስገደደ ይወጣል፤ ከዚህም የተነሣ ነጂው እንፋሎትን አብዝቶ ባወጣ መጠን እሳቱ አብዝቶ ይነዳል፣ እሳቱም አብዝቶ በነደደ መጠን የወጣው እንፋሎት ይተካል። ወጪው ራሱ ገቢን የሚወልድበት ይህ ሥርዓት የሰው እጅ ከሠራቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል፤ ጨዋታው ይህን ማወቁንም በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ባቡሩ በፍጥነት ሲጓዝ የእንፋሎቱን መክፈቻ በድንገት መዝጋት ነው። በመናኛው ጨዋታ ፍጥነቱ ከመቀነሱ በቀር ሌላ ነገር አይሆንም፤ በመልካሙ ግን መውጫ ያጣው እንፋሎት በቦይለሩ ውስጥ እየተጠራቀመ የግፊት መለኪያው ቀስት ከፍ ይላል፣ የደኅንነት ቫልቩም ተከፍቶ የተደከመበትን ኃይል ወደ ሰማይ ይበትነዋል፣ እሳቱ ደግሞ ሳቢ አጥቶ ይፈዛል፤ ያን ጊዜ ብሎወር የሚባለውን የእንፋሎት ጅረት ወደ ጭስ መውጫው ያልለቀቀ ሠራተኛ፣ ይልቁንም በዋሻ ውስጥ ሲሆን፣ ነበልባሉ ወደ ፊቱ ይመለስበታል። «ሳዘርን ቤል» ብሎወሩን፣ ከምድጃው ሥር ያለውን የአየር መዝጊያ፣ የምድጃውን በር፣ ውኃ ማስገቢያውንና ፍሬኑን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ በተጫዋቹ እጅ ማኖሩ የዚህ ምሥጢር ደቀ መዝሙር መሆኑን ያሳያል።

ቀጥሎ የሚመረመረው የከሰሉና የውኃው ዋጋ ነው። አዲስ የተጨመረ ከሰል ሙቀት ከመስጠቱ በፊት ራሱ ሙቀት ይሻል፤ አካፋው በገባ ቅጽበት ግፊቱ የሚያሻቅብበት ጨዋታ የእሳትን ጠባይ አላጠናም። ኢንጄክተር በሚባለው ማስገቢያ የሚገባው ውኃም እንዲሁ ቦይለሩን ከጥፋት እያዳነ ግፊቱን ግን ይቀንሳል፤ እሳቱ ሳይበረታ ውኃ የሚያበዛ ሰው ምጣዱ ሳይሰማ ሊጥ የምታፈስን ጋጋሪ ይመስላል፣ እየሳሳ የሚያዘገየው ደግሞ ከምድጃው ጣሪያ በላይ ያለው ውኃ አልቆበት፣ በዚያ የተተከለው የእርሳስ ቡሽ ቀልጦ፣ በመንገድ ይቀራል። ብልኁ ሠራተኛ ውኃውን የሚያስገባው ቫልቩ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ይህችን ጥቂት ጊዜ ተጠባብቆ ለማግኘት የማያስችል ጨዋታ የሙያውን ግማሽ ደስታ ነሥቷል።

ነገር ግን እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመዝነው በበደሉና በቅጣቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የተከፈተውን ይህን መሥመር የቀየሰው መሐንዲስ ጆን ራስትሪክ ዋናውን ዳገት በ264 ሜትር 1 ሜትር ብቻ እንዲወጣ አድርጎ ስለ ሠራው፣ ዓይን ሜዳ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሎኮሞቲቩ ግን ከክሮይደን በኋላ ወደ መርስትሃም፣ ከዚያ ወደ ባልኮም፣ በመጨረሻም ወደ ክሌይተን ዋሻ ሦስት ጊዜ ሲወጣ ዳገትነቱን በእያንዳንዱ እርምጃ ያውቀዋል። በመልካም ጨዋታ፣ በክሮይደን ሜዳ እሳቱን ችላ ያለ ሰው በዚያ ሳለ ምንም አይታየውም፤ ቀስቱ እንደ ቆመ ነው፣ መንኰራኵሩም ይሽከረከራል። ወደ መርስትሃም በሚወስደው ዳገት እኩሌታ ላይ ግን ቀስቱ መውረድ ይጀምራል፤ ከሰል ቢጨምር ለመያዝ ጊዜ ይሻል፣ ውኃ ቢከለክል መስታወቱ ይጐድላል፣ እንፋሎት ቢቈጥብ ባቡሩ ይዘገያል፤ ንስሓው ከኃጢአቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ይመጣል። ተጫዋቹን በቅጽበት የሚቀጣ ጨዋታ ጣቱን ቢያሠለጥን እንጂ ልቡናውን አያስተምርም።

ከዚህም የረቀቀ ምልክት አለ፤ በ48 ኪሎባይት ማስታወሻ ግዴታ የሚባል ባይሆንም፣ ከኋላ ዘመን በተሠሩት ላይ ልንፈልገው ይገባናል። ሎኮሞቲቭ ዳገት ሲወጣ በቦይለሩ ያለው ውኃ ወደ ኋላ፣ ወደ ምድጃው ወገን ስለሚያዘነብል፣ መስታወቱ ከእውነተኛው ልክ አብልጦ ያሳያል፤ ጫፉን አልፎ ቍልቍለት ሲጀምር ግን ውኃው ወደ ፊት ይሸሻል፣ ሙሉ መስሎ የነበረውም መስታወት ባንድ ጊዜ ይጐድላል። ይህን የሚያሳይ ጨዋታ ያገኘ ሰው ደራሲው ጉዳዩን ከሠራተኞቹ አፍ እንደ ተማረው ይወቅ።

ስለ እንፋሎቱ ቍጠባ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ባቡሩ ከቆመበት ሲነሣ እንፋሎት ለረዥም ጊዜ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፣ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ግን መግቢያው ቶሎ እየተዘጋ የገባው በራሱ እየተስፋፋ እንዲሠራ ይደረጋል፤ እንደ አነሣሡ እየነዳ ብራይተን የሚያደርስ ጨዋታ ተቀባይነት የለውም። ስለ ድምፁ ደግሞ ጆሮ ይፍረድ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሎኮሞቲቭ መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ በዞረ ቍጥር 4 ጊዜ ይተነፍሳል፤ መንኰራኵሩ 2 ሜትር ስፋት ያለው የኪንግ አርተር ዓይነት ሎኮሞቲቭ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ትንፋሹ በሴኮንድ 17 ያህል ይሆናልና፣ በዚያ ፍጥነት ለየብቻ የሚቈጠር ምት የሚያሰማ ጨዋታ ሐሰት ይናገራል።

የ«ሳዘርን ቤል» ደራስያን በኋላ ያወጡት «ኢቭኒንግ ስታር» ከባዝ ወደ ቦርንመዝ የሚወስደውን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተዘጋውን የሶመርሴትና ዶርሴት መሥመር ይዞ ተነሥቷል፤ በሜንዲፕ ኮረብታዎች ላይ በ50 ሜትር 1 ሜትር የሚወጣ ዳገት ስላለ፣ ለተማረ ሰው ፈተናው የበረታ ነው። ይሁን እንጂ መማር ለሚጀምር «ሳዘርን ቤል»ን አስቀድማለሁ፤ ለስላሳው ዳገት ስሕተትን ቶሎ ስለማያጋልጥ፣ ትዕግሥትን አብልጦ ይጠይቃልና።

የመጨረሻው ምርመራ በአደራረሱ ላይ ይሁን። ከክሌይተን ዋሻ በኋላ መንገዱ ወደ ባሕሩ ስለሚወርድ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሠራተኛ ከዚያ አስቀድሞ አካፋውን አስቀምጦ፣ ብራይተን ሲገባ በምድጃው የቀረው እሳት ስስ፣ ውኃው ግን ሙሉ እንዲሆን ያደርጋል። ነጥብን በደቂቃ ብቻ የሚሰጥ ጨዋታ ይህን ሠራተኛ ቫልቩ እየጮኸ፣ ምድጃው ከሰል ሞልቶ ከሚገባው አባካኝ ጋር እኩል ያደርገዋል፤ ስለዚህ መርማሪው ሰዓቱን ካየ በኋላ የግፊቱን ቀስት፣ የውኃውን መስታወትና የቀረውን እሳት ተመልክቶ የራሱን ነጥብ ይስጥ።