ያላመነው ካህን

የዳን ብራውንን «መላእክትና አጋንንት» ያነበበ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነው፤ «እንቅልፍ ይነሳል!» እውነት ነው፣ ይነሳል። በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ልብ ወለድ፣ ስዊስ ካለው የሰርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሩብ ግራም ፀረ ቁስ ተሰርቆ ቫቲካን ውስጥ ይደበቃል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ይፈነዳል። ለመሆኑ እንቅልፋችንን ወስዶ ምን ሰጠን?

ላይ ላዩን ሲያዩት ጠቡ የሃይማኖትና የሳይንስ ነው። ደራሲውም ሚዛን ለመጠበቅ ደክሟል። የሰርኑ ዲሬክተር ኮለር ሃይማኖትን የሚጠላው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በልጅነቱ ሲታመም አማኝ ወላጆቹ ሕክምና ከልክለውት ሽባ ሆኖ ቀርቷል። የተገደለው ቬትራ ደግሞ ካህንም የፊዚክስ ሊቅም ነው፤ ፀረ ቁሱን የሠራው የዘፍጥረትን ቃል በሙከራ ለመደገፍ ነበር።

ታዲያ ክፉው ማነው? የቫቲካኑ ካህን ቬንትሬስካ ነው። እንደ አባት ያሳደጉትን የሮማውን ጳጳስ የገደለው እሱ፣ ቬትራን ያስገደለው እሱ፣ ፀረ ቁሱንም አስደብቆ «በራእይ» ያገኘው ራሱ እሱ! በሄሊኮፕተር ወደ ሰማይ ይዞት ወጥቶ በጃንጥላ ሲወርድ ሕዝቡ ተአምር አየሁ ብሎ ይንበረከካል።

ብዙ አንባቢ ይህን «እምነት ሲከር እብደት ይሆናል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ አልስማማም። ይህ ሰው እኮ እምነት የጎደለው እንጂ የበዛበት አይደለም። ሕዝብ ካላየ አያምንም ብሎ ፈርዷል፤ ስለዚህ የሚታይ ማስረጃ በእጁ ሠራ። የቬትራን ማስረጃ ፈርቶ ሰው ያስገደለ፣ የራሱን የሐሰት ማስረጃ አደባባይ አወጣ። እንግዲህ ክፋቱ የሚመነጨው ከመስቀሉም ከላቦራቶሪውም አይደለም፤ ለእውነት ዘብ እቆማለሁ እያሉ ሕዝብን ከመናቅ ነው። የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ይመስለኛል።

የሚያሳዝነው ደራሲውም ከዚሁ በሽታ አለማምለጡ ነው። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ የኢሉሚናቲ ማኅበር እውነት ነው ይለናል፤ ቀጥሎ ጋሊሊዮን አባል ያደርገዋል። ጋሊሊዮ የሞተው በ1642 ነው፤ ማኅበሩ ባቫርያ ውስጥ የተቋቋመው በ1776። ፀረ ቁሱም ቢሆን፣ ሰርን በያዘው ፍጥነት 1 ግራም ለመሥራት በቢሊዮን የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል። ልብ ወለድ መዋሸት መብቱ ነው፤ ውሸቱን «እውነት» በሚል ማኅተም ማተም ግን የቬንትሬስካ ሥራ ነው።

የእውነቱን ካህን ለማየት ወደ ቤልጅጉ ዦርዥ ለሜትር መሄድ ይሻላል። ጽንፈ ዓለሙ እየሰፋ መሆኑን በ1927 የጻፈ ቄስና ሳይንቲስት ነው። በ1951 ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ አዲሱን ሳይንስ ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲናገሩ፣ ለሜትር ደስ አላለውም። ሳይንሱ በሳይንስ ይመዘን፣ እምነቱም ያለ ምርኩዝ ይቁም ባይ ነበር። ብራውን ስሙን ጠቅሶ ያልፈዋል። እዚያ ላይ ቆም ቢል ኖሮ፣ ሰዓት የሚቆጥር ቦምብ ባያስፈልገውም እንቅልፍ የሚነሳ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።