ኦፔራ ሚኒ፦ ገጹን ይጨምቃል፣ ቪዲዮውን ያሳልፋል

ዳታ ቆጣቢ መተግበሪያዎች ዕድሜ የላቸውም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን ዳታሊን በ2019 አነሣው። ዩቲዩብ ጎ እና የክሮም ቆጣቢ ሁነታ ደግሞ በአንድ ዓመት፣ በ2022፣ ተከታትለው ቀሩ። በ2005 የተጀመረው ኦፔራ ሚኒ ብራውዘር ግን እስካሁን አለ፤ ስለዚህ ሊገመገም የሚገባው እሱ ነው።

በከፍተኛው የቁጠባ ሁነታ ስልካችን ድረ ገጹን በቀጥታ አይጠራም። የኦፔራ ሰርቨር አምጥቶ፣ ጨምቆ፣ ፎቶውን አሳንሶ ይልክለታል። ኩባንያው ቁጠባው እስከ 90 በመቶ ይደርሳል ይላል፤ ጽሑፍ ለበዛበት ገጽ ይህን ለማመን አልቸገርም።

ለአማርኛ አንባቢ የዋለው ውለታም አለ። የግዕዝ ፊደል በማያውቁ የድሮ ኖኪያዎች ላይ አማርኛ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይደረደር ነበር። በአድራሻው ቦታ «ኦፔራ ኮንፊግ» ብሎ ገብቶ አንድ ምርጫ ለቀየረ ሰው ሰርቨሩ ፊደሉን በሥዕል መልክ ይልክለት ነበር። ሥዕል ከፊደል ይከብዳልና፣ በቆጣቢው ላይም ቢሆን የአማርኛ ሂሳብ ከፍ ያለ ነበር።

ዛሬ ካርዳችንን የሚበላው ግን ድረ ገጽ አይደለም። ኦፔራ ሚኒ ይህን ያህል ቆጠብኩ ብሎ ቁጥር ሲያሳየን በራሱ በኩል ያለፈውን ብቻ ቆጥሮ ነው። ከጎኑ ቴሌግራም ማንም ሳይጠይቀው ፎቶና ቪዲዮ ያወርዳል፤ ቲክቶክማ ሥራው ቪዲዮ ነው። በኦፔራ ሚኒ ቁጥር ተማምኖ *999# ላይ ትንሹን ሳምንታዊ ጥቅል የገዛ ሰው ሳምንቱ ሳይጋመስ ሌላ ይገዛል፤ ጥቅሉ ካለቀ በኋላ ዳታውን ካልዘጋ ደግሞ በመደበኛው ታሪፍ ሂሳቡ ሊሟጠጥ ይችላል። ጥቅል ለመምረጥ የሚረዳው በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ያለው የዳታ አጠቃቀም ዝርዝር ነው፤ የትኛው መተግበሪያ በወር ስንት ሜጋ እንደወሰደ ለይቶ ያሳያል። የቴሌግራምን ራስ ሰር ማውረጃ በሞባይል ዳታ ላይ መዝጋትም ለብዙ ሰው ኦፔራ ከሚያተርፈው በላይ ያተርፋል።

የሚያናድደኝ መነሻ ገጹ ነው። ቆጣቢ ነኝ የሚል ብራውዘር ገና ሲከፈት ያልጠየቅነውን ዜናና ማስታወቂያ ይዘረግፍብናል! ዜናውን ማጥፋት ቢቻልም ከመጀመሪያውም ጠፍቶ መምጣት ነበረበት።

ኔትወርክ በሚደክምበት አካባቢ ለሚኖርና ጋዜጣ ለሚያነብ ሰው አሁንም እመክረዋለሁ። ነገር ግን በከፍተኛው የቁጠባ ሁነታ የተመሰጠረ ገጽ እንኳ ሰርቨሩ ላይ ተፈትቶ ነው የሚጨመቀው፤ በዚያ ሁነታ የባንክ የይለፍ ቃል አልጽፍም።