ሉጋልባንዳ የመረጠው ስጦታ

ከሱመር ነገሥታት ስሙ የገነነው ጊልጋሜሽ ነው፤ እኔ ግን የማደላው አባቱ ለሚባለው ለሉጋልባንዳ ነው። የሱመር ነገሥታት ዝርዝር የተባለው ጥንታዊ ጽሑፍ በኡሩክ ከተማ 1200 ዓመት ነገሠ ይለዋል። ከ3700 ዓመት በላይ ያስቆጠሩት የሸክላ ጽላቶች የሚተርኩልን ግን ገና ዘውድ ስላልደፋ ወጣት ነው። የኡሩክ ንጉሥ የኤንመርካር ሠራዊት ወደ አራታ ከተማ ሲዘምት ሉጋልባንዳ መንገድ ላይ ታመመ፤ ወንድሞቹም ይሞታል ብለው ስንቅ አስቀምጠውለት ዋሻ ውስጥ ተዉት።

ዳነ። ብቻውን ተራራ ለተራራ ሲንከራተት የአንዙን ጎጆ አገኘ። አንዙ አስፈሪ፣ ግዙፍ አሞራ ነው። ሉጋልባንዳ ታዲያ ጦር አላነሣም። ጫጩቱን ማር የገባበት ጣፋጭ ቂጣና ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ አጎረሰው፣ ዓይኑንም ኩል ኳለው። አንዙ ተመልሶ ሲጣራ ጫጩቱ እንደ ወትሮው አልመለሰም። አባትና እናት ልጃችንን ማን ወሰደብን ብለው አለቀሱ። ቀርበው ሲያዩት ግን ጠግቦ፣ አምሮበት ተቀምጧል! በጥንት ግጥም ውስጥ እንዲህ አንጀት የሚበላ ቦታ ብዙ አላገኘሁም።

አንዙ በደስታ ብዙ ነገር አቀረበለት፤ በመርከብ የተጫነ ሀብት፣ ገዳይ ቀስት፣ የጦር ሜዳ ክብር። ሁሉንም እምቢ አለ። የለመነው የማይደክም እግር ነው። አሞራው ሰጠው፤ ለጓደኞችህ እንዳትናገር ብሎም አስጠነቀቀው።

ሉጋልባንዳ ተመልሶ ከሠራዊቱ ጋር ተቀላቀለ። የአራታ ከበባ አልሳካ ሲል የንጉሡን መልእክት ይዞ ወደ ኡሩክ፣ ወደ እንስት አምላክ ኢናና የሚላክ ሰው ጠፋ። ሉጋልባንዳ ተነሣ፤ ሰባት ተራሮችን ብቻውን አቋርጦ እኩለ ሌሊት ላይ ከተማው ገባ፤ የኢናና ማዕድ ገና አልቀረበም ነበር።