ከጋዙ በፊት ነፋሱ

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሚኒባስ ማቀዝቀዣው መበላሸቱ የሚታወቀው ደንገጎን ካለፈ በኋላ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች መስኮት መክፈት ይበቃል። 1,200 ሜትር አካባቢ ባለችው ድሬዳዋ ግን መስኮት የከፈተ ወላፈን አስገባ። ሐረር ሐኪም ጋራ ሥር በቀዝቃዛ አየር የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሥራው የሚፈተነው እዚያ ታች፣ እሱ በሌለበት ነው።

ሹፌሮች ብዙ ጊዜ «አቦ፣ ጋዝ ሙላልኝና ልሂድ» እያሉ ይመጣሉ። የኤሲ ጋዝ ግን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የወጣበት ቦታ አለ። ሙያውን የሚያከብር ሰው ስለዚህ ከጋዙ በፊት ነፋሱን ይጠይቃል። መዳፉን አየር መውጫው ላይ አድርጎ ማዞሪያውን ከአንድ እስከ አራት ያዞራል። በሦስቱ ዝም ብሎ በአራተኛው ብቻ ከነፈሰ የማራገቢያው ሞተር ይሠራል፤ በአብዛኛው የተቃጠለው ፍጥነቱን የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው፤ በመጨረሻው ፍጥነት ኤሌክትሪኩ ሬዚስተሩን ሳይነካ ያልፋልና። አንድ ብሎን ሳይፈታ ይህን ማወቅ ለእኔ ትልቅ ሙያ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሬዚስተር ቀይሮ መሸኘት ቀላል ነው፤ ለምን ተቃጠለ ብሎ መጠየቅ ነው ከባዱ። ሞተሩን አውርዶ ዘንጉን በሁለት ጣቱ ያዞረዋል። እየተንቀራፈፈ የሚዞር ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ነገ አዲሱንም ሬዚስተር ያቃጥላል። ካርቦኖቹ የሚነኩትን የመዳብ ቀለበት በስሱ የብርጭቆ ወረቀት ይጠርገዋል፤ ከዚያ በመዳቦቹ መካከል ያሉትን ክፍተቶች አንድ በአንድ በቀጭን ስለት ይቆፍራል፤ የተጠራቀመው ብናኝ አንዱን መዳብ ከሌላው እንዳያገናኝ። በሙቀት የቀለጠውን ሶኬት ቆርጦ ሽቦውን በካውያ ይበይዳል፣ በናስትሮ ይጠቀልላል፣ እንዳይንቀጫቀጭም ከነበረበት ያስረዋል። ዳሽቦርዱ ሲገጠም ይህን ሁሉ ማንም አያየውም።

ጋዙ በመጨረሻ ይመጣል። ጋዝ ሲሾልክ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ የሾለከው መገጣጠሚያ አቧራ ይይዛል፤ የሠለጠነ ዓይን ያን ጥቁር እድፍ ፈልጎ የሳሙና አረፋ ይቀባበታል። ከጠገነ በኋላ ቧንቧውን በቫኪዩም ፓምፕ ባዶ ያደርጋል። በባሕር ጠለል ላይ የጌጁ መርፌ ወደ 30 ኢንች ይጠጋል፤ በሐረር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ከ24 ብዙም አያልፍም። ይህን ያላወቀ ፓምፑን ይወቅሳል። ያወቀው ፓምፑን አጥፍቶ መርፌው ከቆመበት ንቅንቅ አለማለቱን ታግሶ ይጠብቃል። ያ ትዕግሥት ከሥራው ሁሉ የማደንቀው ነው፤ ምክንያቱም ደንበኛው አጠገቡ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነው።

ሐረር እጅ ያላት ከተማ ናት። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች፣ የጥንቶቹ መጽሐፍ ደጓሾች፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ የወጣውን ፔጆ 404 ፋብሪካው ከተወው ከብዙ ዓመታት በኋላ በታክሲነት ያኖሩት መካኒኮች ለዚህ ምስክር ናቸው። የኤሲ ባለሙያውን ከእነሱ ተርታ አስቀምጠዋለሁ።

እናንተ ሹፌሮች፣ ቀዳዳው ሳይገኝ ጋዝ አታስሞሉ። ባለሙያው ሲፈልግ ለቆየበትም ጊዜ ክፈሉት፤ ፍለጋውም ሥራ ነው።