ሳቁ ለማን ያደላል? «ጠልፎ በኪሴ»፣ ዝነኛ ተዋናይና የዛሬው ተመልካች

የቆየ ኮሜዲ በታዋቂ ተዋንያን ዳግም መድረክ ላይ ሲወጣ፣ የሚጻፈው ሂስ ስለ ትወናው፣ ስለ አልባሳቱና ስለ መድረክ ግንባታው ብዙ ይላል። ተመልካቹ ግን «አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር» ወይም «ሳቁ ጣሪያ ነካ» ተብሎ ይታለፋል። መቼ ሳቀ? በማን ሳቀ? ሳቁ ከየትኛው ወንበር ተነሥቶ የት ላይ ተቆረጠ? ይህን የሚመዘግብ ሐያሲ ጥቂት ነው። የኮሜዲው ታሪክ በአንድ ሰው ላይ በሚፈጸም በደል ላይ ሲቆም፣ እነዚህ ጥያቄዎች የሂስ ዋና ሥራ ይሆናሉ ብዬ አምናለሁ። የምመረምረው የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ነው፤ በዛሬዋ አዲስ አበባ፣ በስም በገነኑ ተዋንያን ቢሠራ ተመልካቹ ምን ያደርጋል? ከዚያስ በፊት አዘጋጁ ምን ማድረግ አለበት?

የአማርኛ ቴአትር የጀመረው ተመልካቹን ባስቆጣ ኮሜዲ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው የጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱ በተገኙበት ሲታይ፣ ታዳሚዎቹ በአራዊቱ ውስጥ ራሳቸውን አዩ። ቤተ መንግሥቱ ተውኔቱን አገደ፤ መድረኩም ለዓመታት ዝም አለ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሳንሱር ለማውሳት ነው። እኔ ግን ስለዚያ ተመልካች ንቃት የሚነግረንን አስቀድማለሁ። ቴአትር አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ተረት የለበሰውን ነቀፋ በአንድ ምሽት ፈትቶ የማን ገመና እንደ ተነካ ዐወቀ። እንዲህ ያለ ተመልካች ባለበት አገር «ሕዝቡ ለመሳቅ ብቻ ነው የሚመጣው» የሚል አዘጋጅ ሕዝቡን አሳንሶታል።

መንግሥቱ ለማ ወደ ኮሜዲ የመጡት በሁለት በኩል ነው። አንደኛው አባታቸው፣ ትዝታቸውን ልጃቸው ጽፈው ለመጽሐፍ ያበቁላቸው የቤተ ክህነት ሊቅ አለቃ ለማ ኃይሉ ናቸው። ሌላው እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ የተማሩባት ለንደን ናት፤ ተቺዎች የበርናርድ ሾውን ጥላ በሥራዎቻቸው ላይ የሚያዩትም ከዚህ የተነሣ ነው። «ያላቻ ጋብቻ» በ1957 ዓ.ም. ታተመ። ደራሲው ራሳቸው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1970 ለንደን ላይ በማክሚላን ወጣ። «ጠልፎ በኪሴ» በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ1964 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት፣ በአማርኛ ደግሞ በ1961 ዓ.ም. ለአንባቢ ደረሰ። የሁለቱም ማዕከል የተማረው ወጣት ነው። በ«ያላቻ ጋብቻ» ከትልቅ ቤት ተወልዶ፣ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣው ባሕሩ ዘመዶቹ ያሰቡለትን የትልልቆች ጋብቻ ገፍቶ የራሱን መንገድ ይመርጣል። በ«ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰ የከተማ ወንደላጤ በጠለፋ ላግባ ብሎ ተነሥቶ ጓደኞቹን በነገሩ ያስገባል።

የዘለፋው ዒላማ በደራሲው ዘንድ ግልጽ ነው። የሚሳቅበት ሰውየው ነው፤ ትምህርቱ ከአፉ ያላለፈ፣ ባህሉንም የሚያውቀው ለራሱ በተመቸው በኩል ብቻ የሆነ ሰው። በ1950ዎቹ ከዩኒቨርሲቲና ከመሥሪያ ቤት የሚመጣው ታዳሚ ይህን ዓይነት ሰው በቅርብ ያውቀዋል፤ ብዙው ራሱም ነው። ጠለፋውም በገጠር ዘመዶቹ ዘንድ የሚያውቀው፣ በሽማግሌ የሚበርድ ነገር ነበር።

ሕጉም በዚሁ በኩል ቆሞ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢቀጣም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት በር ትቶለታል። ኮሜዲ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በእርቅና በሠርግ መዝጋት ልማዱ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ከመጀመሪያው ገቢር አንሥቶ ሠርግ ሲጠብቅ፣ የጠበቀው የኮሜዲውን መፍትሔ ብቻ አልነበረም፤ የሕጉንም መፍትሔ ነው። የዘውጉ ልማድና የአገሩ ሕግ አንድ ላይ ሆነው ሳቁን አቃለሉት። ዛሬ ይህ ስምምነት ፈርሷል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከኃላፊነት አያድነውም። የጽሑፉ አንዲት ቃል ሳትነካ፣ ተመልካቹ የሚጠብቀው ሠርግ ትርጉሙ ተለወጠ። ስለ ዳግም ዝግጅት የሚጻፍ ማንኛውም ሂስ ከዚህ ነጥብ ካልተነሣ መሠረቱን ስቷል እላለሁ።

በዚህ ላይ ዝነኛ ተዋናይ ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል። ዝነኛው ወደ መድረክ ሲገባ ገጸ ባሕርዩ ገና አፉን ሳይከፍት ይጨበጨብለታል። ጭብጨባው ከሌላ ቦታ የመጣ ፍቅር ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከ ወዲህ፣ ድምፁን የሰማ ሁሉ ያን ትረካ ይዞ ነበር አዳራሽ የሚገባው። የዛሬው ተዋናይ ደግሞ በየሳምንቱ በተከታታይ ድራማ ሳሎናችን ድረስ ይመጣል፤ ተመልካቹ እንደ ቤተ ዘመድ ያየዋል። የቤተ ዘመድ ጥፋት ይቅር ለማለት ይቀላል። ዝነኛው ጠላፊውን ሆኖ ሲጫወት፣ ለተዋናዩ የተቀመጠው ምሕረት ሳይጠየቅ ለጠላፊው ይተላለፋል። ደራሲው ሊያሳፍረው የፈለገው ሰው የምሽቱ ተወዳጅ ይሆናል።

ይህ በሌላውም ዓለም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የሼክስፒር «የአመጸኛዋ መገራት» ፊልም ሲሆን ሪቻርድ በርተንና ኤልሳቤጥ ቴይለር ተወኑበት። በጊዜው በእውን ባልና ሚስት ነበሩና ዓለም የሁለቱን ትዳር ለማየት ተሰለፈ፤ ሚስትን አስርቦና እንቅልፍ ነስቶ መግራት የሚለው ታሪክ የፍቅረኞች ልፊያ መሰለ። ሾው ይህን ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1888 በሴት የብዕር ስም ለአንድ የለንደን ጋዜጣ ጽፎ ለሴት ልጅ ክብር ስድብ ነው ብሎ ነቅፎት ነበር። በቅርቡ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2025፣ አዘጋጁ ጄሚ ሎይድ የሼክስፒርን ሌላ ኮሜዲ በለንደኑ ድሩሪ ሌን ቴአትር ሲያዘጋጅ ቶም ሂድልስተንንና ሄይሊ አትዌልን ይዞ የማርቭል ፊልም ገጸ ባሕርያቸውን ምስል ሳይቀር መድረክ ላይ አወጣ። ታዳሚው ፈነደቀ። እኔ ይህን አልነቅፍም፤ ዝናን ደብቆ ከመነገድ በግልጽ መጫወቻ ማድረግ ይሻላል። ነገር ግን በዚያ ኮሜዲ መሃል አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ቀን በሐሰት ተወንጅላ ትዋረዳለች፤ ከዚያ በኋላ የሙሽራዋ ዘመድ ቢያትሪስ ወዳጇ የሙሽራዋን አዋራጅ እንዲገድል ትጠይቀዋለች። የዚህ ቦታ ሳቅ ለተዋንያን የቆየ ፈተና ነው። ገና አሁን ሲፈነድቅ የነበረ ሕዝብ ወደ ጸጥታ የሚመለሰው አዘጋጁ መንገዱን አስቀድሞ ከጠረገለት ብቻ ነው።

መንገዱ እንዴት እንደሚጠረግ ከራሳችን መደርደሪያ ማየት ይቻላል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «የፌዝ ዶክተር» ብሎ ወደ አማርኛ ያመጣው የሞልየር ኮሜዲ የሚከፈተው ባል ሚስቱን በዱላ ሲመታ ነው። ሕዝብ ይስቃል። ግን ታሪኩን ወደ ፊት የምትገፋው ያቺው የተደበደበች ሚስት ናት፤ ባልዋን ሐኪም ነው ብላ ለማያውቁት ሰዎች አሳልፋ የምትሰጠውና ዱላውን በእሱ ላይ የምታዞረው እሷ ናት። ሞልየር በደሉን ከሳቁ አላወጣም፤ የነገሩን መሪ ግን ለተበዳይዋ ሰጣት። የጠለፋ ኮሜዲ የሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ በላይ አስተማሪ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የአዲስ አበባ ተመልካች ስለ ጠለፋ በአደባባይ ዝም ብሎ እንዳልኖረም እናውቃለን። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንዲት ታዳጊ የጠለፋትን ሰው ገድላ፣ በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ተከራክሮላት፣ ራስን በመከላከል ነጻ መውጣትዋ አገር ያነጋገረ ጉዳይ ነበር። በዚያ ላይ የተመሠረተው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ታዳሚው ወንበሩን ይዞ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ምክንያት ሳይታይ ቀረ። በ1948 ዓ.ም. በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» የተከፈተው ያ አዳራሽ ብዙ ምሽት ሳቅና ለቅሶ ሰምቷል። ያ ምሽት ግን ስለ ጠለፋ ሊያይ የመጣ ሕዝብ ያሰበውን ሳይገልጽ የተበተነበት ነው። «ጠልፎ በኪሴ» በዚያው መድረክ ቢወጣ ተመልካቹ የሚቀመጥበት ወንበር ይህን ያስታውሳል።

ታዲያ የዛሬው ተመልካች ማን ነው? ስለ ታዳሚ ስናስብ ዓይናችን ፒያሳና ለገሃር ላይ ይቀራል። የከተማዋ ሕዝብ ግን ወደ ዳር ሄዷል። ንፋስ ስልክ ላፍቶን ውሰዱ፦ ከጎተራ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ድረስ የተዘረጋ ሰፊ ክፍለ ከተማ ነው። ሀገር ፍቅር፣ ብሔራዊ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ራስ፣ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር፣ አንዳቸውም እዚህ አልተሠሩም። የንፋስ ስልክ ሰው በቀላል ባቡር ለገሃር ወርዶ በእግሩ ብሔራዊ ሊደርስ ይችላል። የጀሞ ሰው በሚኒባስ እስከ ሜክሲኮ መምጣት አለበት። መሄጃው ይገኛል፤ ችግሩ መመለሻው ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ይህ የትራንስፖርት ወሬ አይደለም። ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ወጥታ ቴአትር የገባች ወጣት ሴት ሁለተኛው ገቢር ሲጀመር ሰዓትዋን ታያለች። ተውኔቱ ሲያልቅ የታክሲ ሰልፉን፣ ከዋናው መንገድ እስከ ብሎክዋ ያለውን ጨለማ ታስባለች። መድረኩ ላይ አንዲት ልጅ ተይዛ ስትወሰድ አጠገብዋ ያለው ወንድ ለሚወደው ተዋናይ ሲስቅ እሷ ከልብዋ ላትስቅ ትችላለች፤ ብትስቅም ያንኑ ሳቅ አይደለም። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ተመልካች አለ። ከሩቅ የሚሰማ ሐያሲ ሁለቱን ደምሮ «ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ» ይላል። ለእኔ የዳግም ዝግጅቱ እውነተኛ ጉዳይ በእነዚህ ሁለት ተመልካቾች መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ አዘጋጁ ሊሠራበት የሚገባውም እሱን ነው።

ተውኔቱ ይቅር የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። መንግሥቱ የተማረውን ወንድ ያዩበት ዓይን ዛሬም አልደበዘዘም፤ ባህልን ሲጠቅመው ብቻ የሚያነሣ ሰው ከመካከላችን አልጠፋም። ጽሑፉን ለዘመኑ እናስተካክለው የሚሉም አሉ፤ ከእነሱም ጋር አልቆምም። ቃለ ተውኔቱ እንዳለ ይነገር። መለወጥ ያለበት የሚና ድልድሉ ነው። ዝነኛዋ ተዋናይት የምትጠለፈውን ልጅ ትጫወት፤ ፖስተሩ መሃል ላይ እሷ ትቁም። ጠላፊውን ፊቱ ገና ያልተለመደ ወጣት ይያዘው። ያኔ የመግቢያው ጭብጨባ ወደ እሷ ይሄዳል፤ ሕዝቡ የሚወዳት ሰው ስትያዝ ሳቁ በራሱ ጊዜ ያመነታል። የትኬት ገቢ ይቀንሳል የሚለው ስጋት ብዙም አያሳምነኝም፤ ሕዝባችን ለሚወዳት ተዋናይት እንደሚሰለፍ የፊልም ቤቶቹ በር ምስክር ነው። ሚዜዎቹና ሽማግሌዎቹ ግን ለአንጋፋ ኮሜዲያኖች ይሰጡ። የደራሲው ጨዋታ እዚያ ነው የሚፈላው፤ በእነሱ ያለ ገደብ ይሳቅ።

ከምርቃቱ በፊት የመጨረሻዎቹ ልምምዶች ከማዕከሉ ይውጡ። ጀሞ ወይም ጎፋ አካባቢ ባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ መድረክ መብራት ይታይ። አንድ የቴአትር ጥበባት ተማሪ ጽሑፉን ይዞ ከጎን ተቀምጦ ሳቅ በመጣበት ቃለ ተውኔት ሁሉ ኅዳግ ላይ ምልክት ያድርግ፤ ሴቶቹ ብቻ፣ ወንዶቹ ብቻ፣ ወይም ሁሉም የሳቁበትን ለይቶ። ከዚያ ተማሪዎቹ ወደዱት ወይ ተብለው አይጠየቁ፤ የት ላይ መሳቅ እንዳቆሙ ይጠየቁ። ያ በእርሳስ የተሞላ ቅጂ ለአዘጋጁ ይድረስ፤ ዝግጅቱ ሲያበቃም ከፖስተሩና ከፎቶግራፉ ጋር በቴአትር ቤቱ መዝገብ ይቀመጥ።