መጀመሪያ ሐይቁን ጻፉ

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ «ዶክተር፣ ከመላኬ በፊት ያንብቡልኝ» ብላ የፖስት ዶክ ማመልከቻዋን ሰጠችኝ። ለአንድ የዴንማርክ ዩኒቨርሲቲ የጻፈችው ነው። «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ ይጀምርና የዩኒቨርሲቲውን ዝና፣ የእሷን ትጋት፣ የዕድሉን ታላቅነት ይዘረዝራል። የምታጠናው የጣና ሐይቅ የተጠቀሰው በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት ክረምት የጉማራ ወንዝ አፍ ላይ መረብ እየጣለች ዓሣ እንደቆጠረች ግን የትም አልጻፈችም።

አልፈረድኩባትም። እኔም ዶክትሬቴን በጨረስኩ ሰሞን አንድ ደብዳቤ ጽፌ፣ ስም ብቻ እየቀየርኩ ለአርባ ያህል ሰው ልኬ ነበር። የመለሰልኝ የለም። የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለሙያው ቶሎ ቶሎ አዲስ ይሠራል። ማመልከቻም እንዲሁ ነው፤ ለአንዱ የተሠራው ሌላውን አያሻግርም።

በዴንማርክ ፖስት ዶክ፣ ማለትም ከዶክትሬት በኋላ የሚሠራ ምርምር፣ ስኮላርሺፕ ሳይሆን ቅጥር ነው። ውልና ደመወዝ አለው፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ከ4 ዓመት አይበልጥም። ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ ያገኘ ፕሮጀክት የጎደለውን ሙያ ሲፈልግ ነው፤ ገምጋሚዎቹም አመልካቹን የሚመዝኑት በማስታወቂያው መስፈርት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን አትሜ፣ ከእያንዳንዱ መስፈርት ጎን ማስረጃዬን በእርሳስ እጽፋለሁ። ባዶ የቀረው ከበዛ አላመለክትም። ያልገባኝን ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው በአጭር ኢሜይል እጠይቃለሁ። እዚያ ፕሮፌሰርም በስሙ ነው የሚጠራው፤ ረጅም ማዕረግና ውዳሴ አይጠበቅም።

ማስታወቂያ ባይኖርም የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኪዩሪ ድጋፍ አለ። በዚህ ድጋፍ ጥናቱን የሚቀርጸው ራሱ አመልካቹ ነው፤ የሚጽፈውም ከሚቀበለው ሳይንቲስት ጋር ሆኖ ነው። የዚያን ሰው ሥራ ሳያነብቡ ይህን መጀመር አይቻልም።

እኔ ያነበብኩት እንዲህ ነው። የዴንማርክ ሐይቆች አብዛኞቹ ትናንሽና ጥልቀት የሌላቸው ናቸው፤ ከእርሻ በሚታጠብ ፎስፈረስና ናይትሮጅንም ተጎድተዋል። በኋላ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ኤሪክ የፐሰን ከኔዘርላንዳዊው ማርተን ሼፈርና ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ጥርት ካለበት ወደ ደፈረሰ ሁኔታ እንዴት እንደሚገለበጥና ለምን እዚያው እንደሚቆይ አስረዱ። ሳነበው የማስበው ጣናን ነበር። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር አይሞላም። ከእርሻ የታጠበ አፈር ያደፈርሰዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህም እምቦጭ ገብቶበታል። በሌላ በኩል፣ በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙ ከደርዘን የሚበልጡ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ፤ ዓሣ አጥማጁም ወንዝ አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ይህን በዓይኑ ያየና የቆጠረ ተመራማሪ ለእነዚያ ሳይንቲስቶች ጥያቄ የሚጨምረው ነገር አለው። ደብዳቤው ከዚያ መነሣት አለበት።

ባልደረባዬ ውዳሴውን አውጥታ እንደገና ጻፈች። አሁን የመጀመሪያው አረፍተ ነገር መረቡን የጣለችበትን ቦታ፣ ክረምቶቹንና የቆጠረችውን ዓሣ ይናገራል፤ ሁለተኛው ያ ቆጠራ የፕሮጀክቱን የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ። ይቀበሏት እንደሆነ ገና አልታወቀም። ባይቀበሏትም ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ ሌላ ደብዳቤ ትጽፋለች። ታንኳው አዲስ ይሠራል፤ ደንገሉ ግን ከዚሁ ዳርቻ ነው የሚታጨደው።